አውግስጦስ ስለ ራሱ የጻፈው ታሪክ ሲመረመር

አውግስጦስ ቄሣር የሠራውን ሥራ በራሱ አንደበት ተርኮ፥ በነሐስ ዓምዶች ተቀርጾ በሮማ ከመቃብሩ ፊት እንዲቆም አዝዞ ነበር። ነሐሱ ጠፍቷል፤ የላቲንና የግሪክ ቅጂው ግን በአንካራ በአንድ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ይገኛል። አውግስጦስ ሥልጣኑን ከሴናትና ከሕዝብ በሕግ ተቀበለ የሚለው ሐሳብ በብዛት የሚደገፈው በዚሁ ጽሑፍ ነው። እኛ ግን ጽሑፉን ስንመረምረው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው።

ጽሑፉ የሚጀምረው በ19 ዓመቱ በገዛ ፈቃዱና በገዛ ገንዘቡ ጦር ማቋቋሙን በመንገር ነው። ምንም ሹመት የሌለው ወጣት የግል ጦር ማቆሙ ሕግን መጣስ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን መንግሥትን ነፃ ማውጣት ይለዋል። ቀጥሎም ሁለቱ ቆንስሎች በጦርነት ስለ ወደቁ ሕዝቡ በቦታቸው እንደ መረጠው ይተርካል። የቆንስሎቹ መሞት እውነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ሠራዊቱን አስከትሎ በሮማ ላይ መዝመቱን ግን አያነሣም። በዚያው ዓመት ከአንቶኒዮስና ከሌጲዶስ ጋር ሆኖ ስላወጣው የሞት ዝርዝር፥ ቺቸሮም ስለ ተገደለበት፥ አንዲት ቃል የለም። የአንቶኒዮስ ስም እንኳ አልተጠራም።

ስለዚህ ጽሑፉ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ የሚያስተው በዝምታው ነው። በ27 ዓመት መንግሥቱን ለሴናትና ለሕዝብ መለስኩ፥ ከባልደረቦቼም በክብር እንጂ በሥልጣን አልበለጥሁም ይላል። ሆኖም በዚያው ጊዜ አብዛኛው ጦር የሰፈረባቸውን እስጳንያን፥ ጎልንና ሶርያን ለ10 ዓመት በእጁ አድርጓል። በ23 ዓመትም ትሪቡን ሳይሆን የትሪቡንን ሥልጣን ያዘ። ሥልጣን ከሹመቱ ተነጥሎ ለአንድ ሰው የተሰጠው እንዲህ ነው፤ ዋናውም ብልሃት ይህ ይመስለናል።

(ጦሬ በኢትዮጵያ እስከ ናፓታ ደረሰ ማለቱ አንባቢያችንን ያስደንቅ ይሆናል፤ አገሩ ግን በዛሬይቱ ሱዳን የነበረው ኩሽ ነው።)

ከሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚያወጣው የቍጥሩ ክፍል ነው። ወደ 500,000 የሚሆኑ የሮማ ዜጎች የወታደርነት መሐላ ለእርሱ እንደ ማሉ፥ ከእነዚህም ከ300,000 ለሚበልጡት መሬት ወይም ገንዘብ እንደ ሰጠ ራሱ ይነግረናል።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሕዝቡ የእርስ በርስ ጦርነት ሰልችቶት በፈቃዱ ተገዛ ይላሉ። ድካሙን አንክድም፤ ፈቃዱን ግን ማን ጠየቀው? በ14 ዓመተ ምሕረት አውግስጦስ ሲሞት፥ ታሲተስ እንደ ጻፈው፥ ሴናት ስለ ሥልጣኑ ገና ሳይመክር ጢባርዮስ ለዘበኛው ጦር የይለፍ ቃል እንደ አዛዥ ሰጥቶ ነበር።