ስለ ጎንደር ተጽፎ ለጎንደር የተዘጋ
እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 የዳካር ጅቡቲ የምርምር ጓድ የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በቅጅ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስም ስለ ጎንደር ዛር የደረሰውን መጽሐፍ በ1958 እዚያው በፈረንሳይኛ አሳተመ። የሥራውን ጥንቃቄ አንክድም፤ ዳሩ ግን ቃላቸውን የሰጡት ባለዛሮች የቋንቋውና የባሕሩ ማዶ ቀሩ።

ዛሬም ፒያሳ ተቀምጦ ስለ አገሩ የተጻፈውን በኮምፒዩተር የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የጽሑፉን ርእስና በዶላር የተተመነ ዋጋውን ነው። በ2019 የወጣው የአገራችን ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉ ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ የሚያስመሰግን ነው። በውጭ ገንዘብ ጎንደር ላይ የሚሠራውስ? የምርምር ፈቃድ ሲሰጥ፣ የሚታተመው ጽሑፍ ያለ ክፍያ የሚነበብ ይሆን ዘንድ ተመራማሪው ግዴታ ይግባ። አጭር የአማርኛ መግለጫ ቢታከልበት ደግሞ የባለዛሯ የልጅ ልጅ ታነበው ነበር።