የግራፊክ ተማሪው ሙከራና የመርካቶ ታፔላ

ከታላቁ አንዋር መስጊድ ተነስቶ በአዲስ ከተማ ግርግር መካከል ወደ ምናለሽ ተራ የሚያቀና መንገደኛ ከሸቀጡ ብዛት ባልተናነሰ የፊደል ብዛት ይከበባል። ፊደሉ በቆርቆሮ ላይ ተቀብቷል፤ በሸራ ላይ ታትሟል፤ በግድግዳ፣ በካርቶን፣ በጆንያ ጀርባ፣ በጭነት መኪና ግንባር ላይ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጉልበት ላይ ተዘርግቶ የሚነበብ አይደለም። ተሸካሚው ከኋላ እየጮኸ፣ ጋሪው ከጎን እየገፋ፣ አንባቢው የሚያተርፈው በሁለት እርምጃ መካከል ቀና ብሎ ያየውን ያህል ብቻ ነው። የፊደልን ቅርፅ፣ የንግድ ድርጅትን አርማና የገጽን ቅንብር ለሚያጠና የግራፊክ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ መፈተኛ ማግኘት ያዳግታል። የተማሪ ሙከራ ግን ዘወትር የሚታየው በነጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በጥሩ ብርሃንና በጸጥታ ነው።

ሙከራው ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክ ከሥዕልና ከቅርፃ ቅርፅ ጎን የራሱን ቦታ ይዟል። በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት ትውልደ ጀርመኑ ሐንሰን ባሂያ በትምህርት ቤቱ በእንጨት ላይ እየተፈለፈለ የሚታተም ሥዕል ያስተምር ነበር። እንጨት ደግሞ ጥሩ ገሳጭ ነው። ቢላዋ የማይችለውን ቀጭን መስመር እንቢ ስለሚል ፊደሉን የሚፈለፍል ሰው የትኛው ጭረት አስፈላጊ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ አስቀድሞ ለመወሰን ይገደዳል። የዛሬው ተማሪ የሚሠራበት ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ እንቢታ የለውም፤ ክቡም ካሬውም በአንድ ንክኪ ይመጣል፤ መገልበጥና መለጠጥ ዋጋ አያስከፍልም።

ታዲያ የግዕዝ ፊደል ምን ያህል ቢለወጥ ራሱን ሆኖ ይቀራል? በላቲን ፊደል አናባቢው የራሱ ሆሄ ስላለው ሠዓሊው ተነባቢውን ቢያጎብጠውም ቢያወፍረውም ድምፁ አይናጋም። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ያለው በቅጥያው፣ በእግሩ ርዝመት፣ በቀለበቱ ውስጥ ነው። ሁለት እግር ያላቸው ብዙዎቹ ሆሄያት ራብዕ ሲሆኑ ቀኝ እግራቸው ይረዝማል፤ ሳብዕ ሲሆኑ ግራው። «ባ» እና «ቦ» የሚለያዩት በዚህ ብቻ ነው።

የዚህን ክብደት በግልጽ የሚያሳየው በመርካቶ ሱቆች በር ሁሉ የሚታየው የኮካ ኮላ የአማርኛ አርማ ነው። ስሙን በልኩ የጻፈ ሰው አራት ሆሄያት ደርድሯል፤ «ኮ» በግራ እግሩ፣ «ካ» በቀኝ፣ «ኮ» እንደገና በግራ፣ «ላ» በቀኝ ይቆማል። አራቱም እያነከሱ ይሄዳሉ ማለት ይቻላል። አርማውን ወደ አማርኛ ያመጡት ባለሙያዎች የላቲኑን ጥምዝምዝና የጅራቱን ውርወራ በግዕዝ ሆሄ ላይ ጭነውታል። እንደ መለያ ምልክት ሥራው ተሳክቷል፤ ቀይና ነጩን ከሩቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እንደ ፊደል ሥራ ግን የሚያስተምረው አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ያንን ጽሑፍ አያነበውም፤ አስቀድሞ ያውቀዋል። በዓለም ዙሪያ የታወቀ መጠጥ ይህን ዕድል አግኝቷል። ትናንት የተከፈተ የቅመም ሱቅ ግን ያው ጥምዝምዝ ቢለብስ ስሙን የሚያውቅለት የለም፤ እግሮቹ ከጠፉ ስሙም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው የተለመደ ሙከራ ሆሄን ወደ ሥዕል መለወጥ ነው። የቡና ነጋዴ አርማ እንዲሠራ የታዘዘ ተማሪ «ቡ»ን ሲያይ ደስ መሰኘቱ አይቀርም፤ በቀኝ ወገብ ላይ ያለችው የካዕብ ቅጥያ የስኒ እጀታ ሆና ትታየዋለች። ችግሩ «ቡ» አፉን ወደ ታች የደፋ ስኒ መሆኑ ነው። ቡና እንዲይዝ ተብሎ ወደ ላይ ከተገለበጠ፣ በተለይም ክብና ካሬ እየገጣጠሙ በሚሠሩት ዘመናዊ ቅርፅ፣ «ሁ» ይሆናል፤ ነጋዴውም «ሁና» የሚል ታፔላ ተሸክሞ ወደ ሱቁ ይመለሳል። (የአገሩ ሲኒ እጀታ የሌለው መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ እጀታ ያለው ስኒ የማኪያቶ ነው።) እንዲህ ያለው ሥራ ሲታሰብ ብልህ፣ ሲነበብ ስሑት ይሆናል። ሥዕሉን ደፍቶ፣ ቡናውን ከስኒው አፍ እንደሚንጠባጠብ አድርጎ የተወው ተማሪ ቢገኝ ግን ሆሄውን አድኖ ሐሳብም ጨምሯል ይባልለታል።

ፊደሉ ከመሣሪያ ጋር መጣላት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመው በጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ጥረት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የብረት ሆሄያቱን የቀረፁት የባዕዳን እጆች ነበሩ። በብራና ላይ የቁም ጸሐፊው መቃ ብርዕ ቋሚውን ጭረት ወፍራም፣ አግዳሚውን ቀጭን ያደርጋል፤ ይህም ሥርዓት ከብርዑ አቆራረጥና ከእጁ አያያዝ የመጣ ነው። ታይፕራይተር ሲመጣ ደግሞ ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች ለማስፈር ቅጥያውን ከአካሉ ለይተው የሚቀጥሉበትን ዘዴ ፈለጉ። መፍትሔው ለቢሮ ሥራ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ነገር ግን አንዱ ቅጥያ ለሁሉም አካል ስለሚለጠፍ የታይፕ ጽሑፍ የልጥፍ መልክ ይዞ ቀረ። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ፊደል ምልክቶችን ሲመዘግብ እያንዳንዱ ሆሄ ከነቅጥያው አንድ ሙሉ አካል ሆኖ ተመልሷል። እንግዲህ ለዛሬው ተማሪ ቅጥያውን እንደ ልጥፍ የሚሠራበት ምክንያት የለውም። ሆኖም ብዙዎቹ ዘመናዊ ተብለው የሚቀርቡ ቅርፆች ያንኑ ያደርጋሉ፤ «ሀ»ን ከላቲኑ ዩ፣ «ዐ»ን ከኦ፣ «ፐ»ን ከቲ ወስደው ቅጥያ ይሰኩበታል። ውጤቱ በመልኩ ጽዱ ነው፤ ሲነበብ ግን የተዋሰው ልብስ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ስም እንደ መከራከሪያ መነሳቱ አይቀርም። ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ በአሜሪካ የታወቀው ይህ ሠዓሊ የግዕዝን ሆሄ ሰብሯል፣ ገልብጧል፣ አስደንሷል፤ ሥዕሎቹም ውበታቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። ተማሪው ይህንን ነጻነት ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሠዓሊው ተመልካቹን ከማንበብ አላቅቆ ወደ ማየት ይወስደዋል፤ ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው የሚፈልገው ሱቅ የለውም። ጫማ ሊገዛ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ግን አለው።

የመርካቶ የታፔላ ሠዓሊ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀው ነበር። በጠመኔ መስመር አስምሮ፣ በዘይት ቀለም ሲጽፍ እግሩን ከሚገባው በላይ ያስረዝመዋል፤ ቅጥያውን ያወፍረዋል፤ ማንበብ ለማይችለውም ከጎኑ ጫማ ወይም መቀስ ይስልለታል። እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ቃሉ ከቆርቆሮው ጫፍ ሲደርስ ቦታ ያጥረውና የመጨረሻዎቹ ሆሄያት ተጨፍልቀው ይቀራሉ፤ ጥላ በጥላ ላይ ሲጨምርም ፊደሉ ይደፈርሳል። የእሱን ቦታ የወሰደው የታተመ ሸራ ግን የባሰ ጥፋት ያመጣል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኒያላን የመሰለ ለገጽ ንባብ የታሰበ ፊደል በሸራው ወርድ ልክ ይለጠጣል፤ ወፍራሙ ቋሚ ከመጠን በላይ ያብጣል፤ የእግሮቹም ልዩነት ከሩቅ ይደበዝዛል።

የቅንብሩም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ከላይ አማርኛ፣ ከታች ላቲን በሚጻፍበት ታፔላ ላይ ሁለቱን በአንድ ልክ መደርደር ፍትሐዊ ይመስላል። አማርኛው ትልቅና ትንሽ ሆሄ የሚባል ነገር ስለሌለው መስመሩ ወጥና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል፤ የላቲኑን ያህል የመስመር ርቀት ሲሰጠው ይታፈናል። እያንዳንዱን ሆሄ በእኩል ካሬ ውስጥ የሚያሰፍረው የተማሪዎች ዘዴም «ነ»ን በባዶ ቦታ ያስዋኘዋል፣ «ጨ»ን ደግሞ ያንቀዋል። ለጌጥ ብቻ እየተመለሰች ያለችው ሁለት ነጥብ በአንጻሩ በጠባብ ቆርቆሮ ላይ እውነተኛ ጥቅም አላት፤ ክፍተት ሲጠብ ቃልን ከቃል ትለያለች።

በምናለሽ ተራ የዘይት ጣሳና በርሜል እየተቆረጠ ምድጃ ይሆናል። በምድጃው ጎን ላይ የቀድሞው ጽሑፍ ቁራጭ ይቀራል፤ አንዳንዴ ተገልብጦ፣ አንዳንዴም ከወገቡ ተቆርጦ። የላቲኑ መስመር የላይኛው ግማሽ ብቻ ቢተርፍ አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። የአማርኛው ቢተርፍ «ተ» ከ«ቸ»፣ «ሰ» ከ«ሸ» ይለያል፤ «በ» ይሁን «ባ» ወይም «ቦ» ግን አይታወቅም። እግሩ ከመቀሱ በታች ቀርቷል።