«ከጨዋታ ውጭ» ምን ማለት ነው? በአማርኛ የእግር ኳስ ቃላት ግልጽነት ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ የስፖርት ቋንቋ ላይ የሚሰነዘረው ትችት ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በቃላቱ ትውልድ ላይ ነው። «ኮርና» ተነቅፎ «የማዕዘን ምት»፣ «ሪጎሬ» ተነቅፎ «ፍጹም ቅጣት ምት» ይወደሳል። ይህ ሚዛን ግን የደጋፊዎችን ንግግር ለመመዘን አይበቃም። ሁለት ደጋፊዎች በአንድ የዳኛ ውሳኔ ላይ ሲከራከሩ የሚያግባባቸው የቃሉ ምንጭ አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ የለያያቸውን ነገሮች ቃሉም ለያይቶ መጥራቱ ነው። በዚህ መለኪያ አማርኛ አንዳንድ ጊዜ ከእንግሊዝኛ የጠራ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የደበዘዘ ሆኖ ይገኛል።

ከጥንካሬው ለመጀመር፣ እንግሊዝኛ በዕለት ተዕለት አነጋገር «ፔናልቲ» በሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ በጥፋት ምክንያት በጨዋታ መካከል የሚሰጠውን ምትና በአቻ ውጤት የተጠናቀቀ የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ አሸናፊ የሚለይበትን ምት። አማርኛ የመጀመሪያውን «ፍጹም ቅጣት ምት»፣ ሁለተኛውን «መለያ ምት» ይላቸዋል። በሁለተኛው ውስጥ ጥፋትም ቅጣትም የለምና ልዩነቱ የስያሜ ብቻ አይደለም። «በመለያ ምት አሸነፈ» የሚለውን የሰማ ደጋፊ ጨዋታው በአቻ ውጤት ማብቃቱን ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳል።

«ከጨዋታ ውጭ» የሚለው ሐረግ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቢያንስ ሦስት ፍቺዎችን ይሸከማል፦ ኳስ በቡድን ጓደኛው በተመታች ቅጽበት ተጫዋቹ የተገኘበትን ስፍራ፣ ከዚያ ስፍራ ተነሥቶ በጨዋታው በመሳተፉ የሚፈጽመውን ጥፋት፣ እንዲሁም በጉዳት ወይም በቅጣት ከሜዳ መራቅን። የጨዋታው ሕግ 11ኛ አንቀጽ በዚያ ስፍራ መገኘት ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ አንዱ «ከጨዋታ ውጭ ነበር»፣ ሌላው «አልነበረም» ሲል ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ አንዱ ስለ ስፍራው፣ ሌላው ስለ ጥፋቱ። ስታዲየም የገባን ሰው ዓይኑ ያግዘዋል፤ በሬዲዮ የሚከታተለው ግን ከቃሉ በቀር መተማመኛ የለውም።

የስዋሂሊ ምሳሌ እዚህ ላይ ያስተምራል። ስዋሂሊ ለዚሁ ጉዳይ የሚጠቀመው «ኩኦቴአ» የተባለውን፣ አድብቶ መጠበቅ የሚል ፍቺ ያለውን ግስ ነው። «አሜኦቴአ» ያለ ተናጋሪ ባለቤቱንና ድርጊቱን በአንድ ቃል ያስታውቃል። የአማርኛው ሐረግ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ«ነው» ወይም በ«ነበር» ስለሚታሰር፣ ሁኔታን እንጂ ድርጊትን አይናገርም።

«ጭማሪ ሰዓት» የሚፈጥረው ብዥታ ደግሞ ከዕለት ክርክር አልፎ ታሪክን ይነካል። ስያሜው ለባከነ ጊዜ ማካካሻ የሚታከሉትን ደቂቃዎችም፣ በአቻ ውጤት ምክንያት የሚሰጠውን 30 ደቂቃም ይጠራል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ መደበኛው ጊዜ ያበቃው 2 ለ 2 ነበር። ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ የቀሩትን ግቦች ያስቆጠሩት በተጨመረው 30 ደቂቃ ውስጥ ነው። «ሁለቱ ግቦች በጭማሪ ሰዓት ተቆጠሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚያነብ የዛሬ ወጣት ግን ድሉ ፊሽካው ሊነፋ ሲል የተገኘ ሊመስለው ይችላል። የግማሽ ሰዓት ትግል በአንድ ቃል ድክመት የጥቂት ደቂቃ ዕድል ሆኖ ይቀራል።

ከጣልያንኛ የተወረሱት ቃላትም በዚሁ መለኪያ መታየት አለባቸው። «ሪጎሬ» የሚጠራው አንድ ነገር ብቻ በመሆኑ ማንንም አያሳስትም። «ቴስታ» ግን ኳስን በግንባር መግጨትንም ሰውን በግንባር መምታትንም ይጠራል፤ የመጀመሪያው ሕጋዊ ጨዋታ፣ ሁለተኛው ቀይ ካርድ የሚያስመዝዝ ጥፋት ነው። «ማኖ ነካ» የሚለው አነጋገር ከሜዳ ወጥቶ የማናቸውም ስሕተት መጠሪያ መሆኑ፣ ኳስ እጅን በነካች ቁጥር ጥፋት ተፈጽሟል የሚለውን እምነት ያጠናክራል፤ ሕጉ ግን ሁሉንም ንክኪ አይቀጣም። አገርኛው «በእጅ መንካት»ም ንክኪውን እንጂ ጥፋቱን ስለማይለይ ከዚህ ጉድለት አያመልጥም። ባዕዱም አገሬውም ቃል በአንድ ስፍራ ተሰናክለዋል ማለት ነው።

ዐውዱ ሁሉን ያስረዳል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ዐውድ የሚያስረዳው ግን ጨዋታውን አብሮ ላየ ሰው ነው፤ በማግሥቱ ለሚሰማውና ከዓመታት በኋላ ለሚያነበው ቃሉ ብቻውን መቆም ይኖርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ የቃላት ፈጠራ አይደለም። «የባከነ ደቂቃ» እና «ተጨማሪ 30 ደቂቃ» በቋንቋው ውስጥ አሉ፤ «ከጨዋታ ውጭ» በሚለው ላይም «ስፍራ» ወይም «ጥፋት» የሚል አንድ ቃል ማከል ይበቃል። የስፖርት መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ባዕድ ቃላትን ለማስወገድ የሚያውሉትን ድካም ለዚህ ልየታ ቢያውሉት፣ ደጋፊዎች ቢያንስ የሚከራከሩበትን ነገር ለይተው ያውቃሉ።