መብራት ያስገባው ፓርቲ፦ ሃይማኖትና የምርጫ ወገንተኝነት በሰሜን ቴክሳስ ገጠር

ከዳላስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የነዳ ሰው የፋኒን ካውንቲ መቀመጫ የሆነችውን ቦንሃምን ያገኛል። እዚያ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ውስጡ የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ቢሮ ልክ እንደ ዋናው ሆኖ ተሠርቷል። በ1957 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተከፈተው በአፈ ጉባኤው በሳም ሬይበርን ስም ነው። በጥጥ እርሻ ያደገው ሬይበርን ከ1913 ጀምሮ በ1961 እስኪሞት ይህን አካባቢ ወክሏል። ከአርቃቂዎቹ አንዱ የነበረበት የ1936 የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ ገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከመንግሥት ተበድሮ፣ ሽቦውን እስከ ደጁ እንዲስብ አስቻለ። ኩራዙን የሰቀለ ቤተሰብ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም፤ ዴሞክራትነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። ዛሬ በዚሁ ካውንቲ ከአምስት መራጮች አራቱ ያህል ሪፐብሊካን ይመርጣሉ።

የተለመደው ማብራሪያ ቶማስ ፍራንክ በ2004 ስለ ካንሳስ በጻፈው መጽሐፍ የተስፋፋው ነው፦ ድኻው ገጠሬ በውርጃና በመሰል ጉዳዮች ስሜቱ ተነክቶ ኪሱን ረሳ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ላሪ ባርትልስ በቁጥር ሞግቶታል፤ የኮሌጅ ዲግሪ የሌላቸው ነጮች ከዴሞክራቶች የኮበለሉት በደቡቡ ክፍል ነው ብሏል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ማብራሪያው ሃይማኖትን ዘግይቶ እንደ ገባ ወረርሽኝ ያየዋል፤ በዚህ አገር ግን ሰባኪው የደረሰው ከመብራቱ በፊት ነው።

በ1928 የፎርት ወርዙ የፈርስት ባፕቲስት ፓስተር ጄ. ፍራንክ ኖሪስ ካቶሊክና የመጠጥ ክልከላ ተቃዋሚ በነበረው የዴሞክራቶች ዕጩ በአል ስሚዝ ላይ ዘመተ። ቴክሳስም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ድምፅ ሰጠች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲበረታ፣ መራጩ ሩዝቬልትን ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሆድ ሲጎድል የሮማው ጳጳስ ተረሳ። ሬይበርን ግን አልረሳም። በ1960 ካቶሊኩ ኬኔዲ ሲወዳደር የስሚዝ ዕጣ ይደገማል ብሎ ሠግቶ ነበር፤ የዳላሱ ባፕቲስት ፓስተር ደብሊው. ኤ. ክሪስዌልም ካቶሊክ ፕሬዚዳንት እንዳይመረጥ ሰብኳል። ኬኔዲ ቴክሳስን ያገኛት በ46 ሺህ ድምፅ ገደማ ብልጫ ነው።

ውርጃስ? ሮ ቬርሰስ ዌድ የተባለው የውርጃ ክስ በ1970 የተመሠረተው እዚሁ ዳላስ ነው፤ ዌድም የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ነበር። ሆኖም የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በ1971 አስገድዶ መደፈርንና የእናትን ጤና ለመሳሰሉ ምክንያቶች ውርጃ እንዲፈቀድ የሚደግፍ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ያኔ ጉዳዩ የካቶሊኮች ጭንቀት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1976 ቴክሳስ ባፕቲስቱን የኦቾሎኒ ገበሬ፣ ካርተርን መረጠች። በነሐሴ 1980 ግን ሬጋን በዳላስ ሪዩኒየን አሬና በሺዎች በሚቆጠሩ ፓስተሮችና ምእመናን ፊት ቆሞ፣ እነሱ እሱን መደገፍ ባይችሉ እንኳ እሱ እነሱን እንደሚደግፍ ነገራቸው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪው ካርተር ተጋብዞ ቀርቷል፤ የተጨበጨበው ለሆሊውድ ተዋናይ ነው። በ1928 በካቶሊክ ላይ የተነሣው መድረክ፣ አሁን ውርጃን በመቃወም ከካቶሊክ ጋር ተወዳጀ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ተራ ምክንያት አለኝ። አምፖሉ አንዴ ከበራ ወዲያ ያበራውን የሚያስታውሰው ትውልድ ያልፋል። የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላቱን የሚሰበስበው በዓመት አንዴ ነው፤ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ግን እሑድ ጠዋት፣ እሑድ ማታ፣ ረቡዕ ማታ። ፓርቲው ከሠፈሩ ሲጠፋ ሳይጠፋ የቀረው ስብስብ ይኸው ነበር።

ይሁንና ስብስብ ብቻውን አቅጣጫ አይሰጥም። የደቡብ ዳላስ ጥቁር ባፕቲስት ያንኑ መጽሐፍ ያነባል፣ ያንኑ ጥምቀት ይጠመቃል፣ ድህነቱም ቢብስ እንጂ አያንስም፤ ድምፁ ግን ለዴሞክራቶች ነው። ስለዚህ የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግና የትምህርት ቤቶችን ውህደት ትቶ ስለ ሃይማኖት ብቻ የሚተርክ ጥናት ግማሹን ገጽ ገንጥሎ ያነባል።

የሬይበርን የምክር ቤት ወንበርም ቢሆን እስከ ጥር 2004 ዴሞክራት ነበር፤ ከሪዩኒየን አሬና በኋላ ከ23 ዓመት በላይ።  ወንበሩ የተሻገረው የያዙት ራልፍ ሆል ፓርቲ ሲቀይሩ ነው፤ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱም ለምርጫ ክልላቸው የሚመጣ ገንዘብ በዴሞክራትነታቸው መከልከሉ ነበር። ያ ሁሉ ስብከት አልፎ፣ መጨረሻው በጀት!

እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው ግን የሬይበርን መብራት ዕዳ የለብንም። ከዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቁ ቀርቦ ቡናው ሲቀዳ፣ ስለ ጤና መድንና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ሲነሣ ዴሞክራት የሆነው ሰው፣ ልጁ በትምህርት ቤት ስለሚማረው ሲወራ ሪፐብሊካን ይሆናል፤ ገና ቶናው ሳይመጣ። አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ክርክሩ ወደ መኪና ማቆሚያው ይወጣል።