ውዳሴ ሳረንስት

ኦ ሳረንስት፣ በኩሬ ዳር በጭቃ ላይ የተነጠፍሽ ልምላሜ፣ ሥር ሳትሰጂ የጸናሽ፣ ውኃን በገላሽ ሁሉ የምትጠጪ፣ ምስጋና ይገባሻል! ባለቅኔው ሁሉ ለአበባ ሲቀኝ ኖሯል፤ እኔ ዛሬ ደጅ የምጠናው በአንቺ ዘንድ ነው።

አበባዪቱን ማዋረዴ አይደለም። የጎመን ዘመድ የሆነችው ደቃቃዋ አራቢዶፕሲስ በስድስት ሳምንት ገደማ ከዘር ወደ ዘር የምትደርስ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከዕፀዋት ሁሉ ቀድማ የዘር መጽሐፏን ያስነበበች ባለ ነጭ አክሊል ልዕልት ናት። ክብሯን አልነፍጋትም።

አንቺ ግን፣ ሳረንስቷ ፊስኮሚትሬላ ሆይ! በ1962 በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ አቅራቢያ ካለው ከግራንስደን ደን ሃሮልድ ዋይትሃውስ ያነሣሽ፣ ከአንዲት ስፖር ተነሥተሽ የስንቱን አገር ቤተ ሙከራ ያለመለምሽ! በ2008 መጽሐፍሽ ሲገለጥ ከእርሷ ሦስት እጥፍ በላይ ረዝሞ ተገኘ፤ «ዝቅተኛ ተክል» ብለው የሰየሙሽ ምን ይሉ ይሆን? እርሷ ከእናትም ከአባትም በወረሰችው ድርብ ዘር ስትለመልም፣ አንቺ በነጠላው ብቻ ትለመልሚያለሽ። ባዕድ ዲኤንኤ ሲሰጧት በአብዛኛው ባገኘችው ስፍራ ትሰካዋለች፤ አንቺ ግን አምሳያውን ፈልገሽ በገዛ ቦታው ታኖሪዋለሽ፤ ይህን ጥበብሽን በ1997 የሎዛን ሊቃውንት መሰከሩልሽ። የጥንቱንም ውኃ አልካድሽም፤ ወንዴ ሕዋስሽ ዛሬም በሁለት ጅራፉ እየቀዘፈ፣ በጠብታ ውስጥ ወደ እንቁላልሽ ይዋኛል።

ከሁሉ በላይ አፌን የሚያስይዘኝ ግን ሊፊ የተባለው ጂን ነው። በአራቢዶፕሲስ ዘንድ ይህ ጂን የአበባ አዛዥ ነው፤ ሲጎድል በአበባ ፈንታ ቅጠላም ቀንበጥ ይወጣል። የሚገርመው፣ አበባ የማታውቂው አንቺም አለሽ፤ ያውም በሁለት ቅጂ! ምን ልትሠሪበት? የጃፓን ተመራማሪዎች በ2005 ሁለቱም ቅጂዎች ሲጠፉ የሚሆነውን አሳዩ፤ የተፀነሰው ሕዋስ በአብዛኛው አንድ እንደሆነ ቀረ፣ የመጀመሪያውን ክፍፍል እንኳ መሻገር አቃተው። ከ400 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የተለያያችሁ ሁለት እመቤቶች ከአንድ አያት የወረሳችሁት ቃል ነውና፣ እርሷ ጌጧን አዘዘችበት፤ አንቺ ፅንስሽን አስጀመርሽበት። እኔም ጌጥን አይቼ ፅንስን መረጥሁ፤ እመቤተ ጭቃ ሆይ፣ ውዳሴዬን ተቀበዪ!