የለቀቁበት ምክንያት

የሥራ ማመልከቻ ቅጽን እንደ ጽሑፍ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የያዘኝ ልማድ አልለቅ ብሎኝ፣ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እንደ ድርሰት ነው የማነበው። ቅጹ ላይ ከስምና ከትምህርት ደረጃ ወረድ ብላ አንዲት ሣጥን አለች፤ «ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ የለቀቁበት ምክንያት» የምትል። ስፋቷ ከሁለት ጣት አይበልጥም። አሥር ዓመት የተለፋበት ቤት እዚያች ውስጥ ተጨምቆ ይግባ ነው ነገሩ!

ምን ይጻፍባታል? «በግል ጉዳይ»። «በገዛ ፈቃዴ»። ትንሽ የተራቀቀው ደግሞ «የተሻለ የሥራ ዕድል በመፈለጌ» ይላል። በሦስቱም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ለቃቂው። አለቃ የለም፤ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት የለም፤ ግምገማ የለም። «በገዛ ፈቃዴ» የምትለዋማ ታስቀኛለች። ማንም ሳይጠይቀው «አልተገፋሁም» ብሎ የሚምል ሰው ገፊ ሳይኖረው አይቀርም።

ይህን ሰምና ወርቅ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይደለም። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን የሚሰውረው አዋቂ ፈልጎ እንዲያገኘው ነው። ይኼኛው ግን ጨርሶ እንዳይገኝ የሚቀበር ነው። ገንዘብ አጉድሎ የወጣውም፣ ገንዘብ ሲጎድል አይቶ «ኧረ ተዉ» በማለቱ የተባረረውም፣ እኩል «በግል ጉዳይ» ብለው ይጽፋሉ። ታዲያ ቀጣሪው ከዚህ ምን ይለያል?

ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ማመልከቻዋን እንዳርምላት አመጣችልኝ። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት አራት ዓመት ሠርታለች። እሷም ያው «በግል ጉዳይ» ብላለች። ጠየቅኋት። አለቃዋ ማታ ማታ መደወል ጀመረ፤ ስልኩን አላነሣም ስትል የደረጃ ዕድገቷ ወረቀት «ጠፋ»። ጉዳዩ የግል ነበር ከተባለም የሰውየው እንጂ የእሷ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አትጽፊውም?» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! ነገረኛ ናት ብለው ወረቀቴን ሊጥሉት?»

ሕጉ እንኳ ከቅጹ ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችል ይደነግጋል። አሠሪው የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን እንዲገልጽ ነው የሚያዝዘው። ለምን ለቀቀች የሚለውን ከአሠሪው አይጠይቅም። ግን ምን ያደርጋል፣ ወረቀቱ ዝም ያለውን ስልክ ይናገረዋል። አዲሱ ቀጣሪ ደውሎ «እንዴት ነበረች?» ብሎ የሚጠይቀው ማንን ነው? ያንኑ ማታ ማታ ሲደውል የነበረውን ሰውዬ!

ቀጣሪዎች የመጠየቅ መብት የላቸውም አልልም። ካዝና የሚያስረክብ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት እውነቱን የሚጽፈውን ጥሎ ውሸቱን የሚጽፈውን መቅጠሩ ነው። በገዛ እጁ አመልካቹን ውሸት አስተምሮ፣ በማግሥቱ «ታማኝነት» የሚል ጥቅስ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል።

ተማሪዬ «በግል ጉዳይ» የሚለውን ሰርዛ ሣጥኗን ባዶዋን አስገባች። ለቃለ መጠይቅ ተጠራች፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያችው ባዶ ሣጥን ሆነ። የሆነውን ነገረቻቸው። ሁለቱ ወንዶች ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ፤ ሴትዮዋ ብቻ ቀና ብላ አየቻት። መልሱን እየጠበቀች ነው።