ፀሐይ፣ የካልሲዋ ቀጭኔ

አንድ ካልሲ፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ እጅ። ክንዱ ረጅም አንገት ይሆናል፤ አውራ ጣት የታችኛው መንጋጋ፣ የቀሩት አራት ጣቶች የላይኛው። በቃ፣ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ መናገር ጀመረች!

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር አዲስ አበባ ላይ ስትጀምረው፣ ለሕፃናት የሚሆን የአማርኛ ፕሮግራም ብርቅ ነበር። የፀሐይ ድምፅም የራሷ የብሩክታዊት ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ለትምህርታዊ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አገኘ።

እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የፀሐይን ጠባይ እወድላታለሁ፤ አላውቅም ለማለት አታፍርም፣ ትጠይቃለች። ልጆችም የሚሰሟት ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ እናቱ ፋብሪካ የምትውልበት ልጅ «እጅህን ታጠብ» ሲባል ቁጣ ይመስለዋል። ቀጭኔ ስትዘፍንለት ግን ጨዋታ ነው፤ ሳይጠሩት ወደ ባልዲው ይሮጣል።

የአሜሪካው የልጆች ፕሮግራም የሴሳሚ ስትሪት ትልቁ ወፍ፣ ቢግ በርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዘፈን የሞላበት የሲኒማ ፊልም ተሠርቶለታል። ለፀሐይም እንዲህ ያለውን እመኛለሁ። ቀረጻው የት ይሁን ብለው ቢጠይቁኝ አቃቂ እላለሁ፦ ወንዙ አለ፣ የድሮው ባቡር መስመር አለ፣ ጡሩምባቸው ለዘፈን አጃቢ የሚሆን ከባድ መኪኖችም ሞልተዋል። ካልሲዋ አቧራውን መቻሏን እንጃ።